ወንበሩን ተዉት፣ ጆንያውን ስቀሉላቸው

ዛሬ ስለ ፈተናና ስለ ውጤት አይደለም የምጽፈው። ስለ ቦክስ ነው። አዎ፣ ቦክስ። ረዘም ይላል፤ ቤታችሁ ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃው ያጠረ፣ ፊቱ ፈገግታ የረሳ ትልቅ ሰው ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከሌለም ለጎረቤት ይሆናል።

እኛ ጋ ለትልቅ ሰው ክብር የሚሰጠው በማስቀመጥ ነው። ሽማግሌ ሲገባ ተነስተን ወንበር እንለቃለን። ውኃ ቢጠማቸው ልጅ ይሮጣል፣ ከብት ቢጠፋ ልጅ ይሮጣል፣ እሳቸው ቁጭ ብለው ያዛሉ። ደግ ባህል ነው፣ የእኔም ልጆች እንዲይዙት እፈልጋለሁ። አንድ በሽታ ላይ ግን ይኸው ደግነታችን ሰው እየጎዳብን ነው። በሽታው ፓርኪንሰን ይባላል። የፓርኪንሰን ታማሚን "አረፍ ይበሉ፣ አይድከሙ" እያሉ ቀኑን ሙሉ ማስቀመጥ በሽታውን ማገዝ ነው። የምለው ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ባዮሎጂ ከእኔ ጋር የተማራችሁ የነርቭ ሥርዓት ምዕራፉን ታስታውሳላችሁ ብዬ ላስብ። እጃችንን ስናነሳ ትእዛዙ የሚወጣው ከአንጎል ነው። ትእዛዙ ለስላሳና የተመጠነ ሆኖ እንዲደርስ ከሚያደርጉት ኬሚካሎች አንዱ ዶፓሚን ነው። መሀል አንጎል ውስጥ ጠቆር ያለ ቀለም ያላቸው፣ ዶፓሚን የሚያመርቱ ሕዋሳት የተሰበሰቡበት ትንሽ ቦታ አለ። በፓርኪንሰን እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ክፋቱ፣ ሰውየው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙዎቹ አስቀድመው አልቀዋል። ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴው ሁሉ ያንሳል። ያንሳል የምለው በቁሙ ነው። እርምጃ ያጥራል፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ የእጅ ጽሑፍ ይደቅቃል፣ ስንሄድ የምናወዛውዘው እጅ ከጎን ይጣበቃል፣ የፊት ጡንቻ ይደርቅና ሰውየው ሳይቆጣ የተቆጣ ይመስላል። ብዙ ሰው ፓርኪንሰንን የሚያውቀው በመንቀጥቀጥ ብቻ ነው፤ ጭራሽ የማይንቀጠቀጡ ታማሚዎች ግን አሉ። ሽታ መለየት አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ መወራጨትና መጮህ ደግሞ ከሌላው ምልክት ብዙ ዓመት ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ።

ስሙ የተወሰደው ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ሕመሙ ትንሽ መጽሐፍ የጻፈ የለንደን ሐኪም። የተወለደበት ቀን፣ በእኛ ሚያዝያ 3፣ ዛሬ የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ሆኖ ይታሰባል። እኔን የሚገርመኝ ያ መጽሐፍ የቆመው በስድስት ሰዎች ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ከስድስቱም አንዳንዶቹን ያያቸው መንገድ ላይ ነው። ማሽን የለ፣ ላብራቶሪ የለ፤ ዓይን ብቻ። ዓይን እኛም አለን። ገበያ ቀን ፎንቆ መሀል ቆም ብላችሁ የሰውን አረማመድ ብታዩ አንድ ሰው ላታጡ ትችላላችሁ።

እኔን ያስተማሩኝ አንድ መምህር አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪካቸውን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል፣ እንዲያውም "ፊደል እንዳትገድፍ" ብለው አስጠንቅቀውኛል። የእሳቸው ሕመም መጀመሪያ የታየው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። መስመሩ ሲጀምር ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የጉንዳን ሰልፍ ይሆናል። ከኋላ የተቀመጡ ልጆች "ቲቸር አይታይም" ይላሉ፣ እሳቸው "መነጽር ግዙ" ይላሉ። ቀጥሎ ድምፃቸው ወረደ። ቀጥሎ ጠመኔ የያዘው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ ያስተምሩበት በነበረው ትምህርት ቤት "ጠጥተው ነው የሚገቡት" ተባለ። እኚህ ሰው እኮ ጠላ እንኳ ቀምሰው አያውቁም! አንዱ ክሊኒክ እርጅና ነው አላቸው፣ ሌላው ቫይታሚን ሰጣቸው፣ ዘመድ የሰው ዓይን ነው አለ። ትክክለኛውን ስም የሰሙት አዲስ አበባ ሄደው የነርቭ ሐኪም ሲያያቸው ነው፤ አራት ዓመት ካለፈ በኋላ።

ከዚያስ? ከዚያማ የሚወዷቸው ሰዎች አስቀመጧቸው። ባለቤታቸው ጫማ ያደርጉላቸዋል፣ ቁልፍ ይቆልፉላቸዋል። ልጃቸው ከደቡብ አፍሪካ የመድኃኒት ብር ይልካል፣ "አባዬ እንዳይደክም" እያለ በስልክ ያዛል። ጋቢ ለብሰው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ ፀሐይ ስትዞር ወንበሩ ይዞራል። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ በሩ ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ላይ እንደተሰፋ ቀጥ ይላል። ከኋላ ያለው "ይግቡ እንጂ" ይላል። እሳቸው መግባት ይፈልጋሉ፣ እግሩ ግን አይሰማም። ይህ የበሽታው አንዱ ጠባይ ነው፣ በተለይ በርና ጠባብ ቦታ ላይ ይመጣል፤ ሰው ግን ይህን ስለማያውቅ በኩራት ይተረጉመዋል። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ መሄድ ተዉ። እኛ ጋ ለቅሶ የማይሄድ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሳይሞት ከሰው ቁጥር ይወጣል።

ይህ ደግሞ የወንዱ ታሪክ ነው። የሴቷ ይብሳል። እንሰት መፋቅ ሲያቅታት "ሰነፈች" ትባላለች። ሲኒው ረከቦት ላይ ሲንቀጫቀጭ ቡና ማፍላቱን ምራቷ ትረከባትና እሷ ጓዳ ትቀራለች። ሐኪም ቤት የሚወሰደው በረንዳ ላይ የሚታየው ነው፤ ጓዳ ያለችውን ማን ያያታል?

አሁን ወደ ቦክሱ።

አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚባል ከተማ ውስጥ ስኮት ኒውማን የሚባል ሰው ነበር፤ የአካባቢው ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረ። አርባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ፓርኪንሰን ተገኘበት። ቦክሰኛ የነበረ ቪንስ ፔሬዝ የሚባል ወዳጅ ነበረው፣ እሱ የቦክሰኛ ልምምድ አስጀመረው። ኒውማን በራሱ ላይ ለውጥ ሲያይ ለሌሎችም ይድረስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ሮክ ስቴዲ ቦክሲንግ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተመሠረተ። የመጀመሪያዋ አሠልጣኝ ክሪስቲ ፎልማር የምትባል ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ነበረች። በጥቂት ሰዎች የተጀመረው ነገር ዛሬ በተለያዩ አገሮች በመቶዎች በሚቆጠሩ ጂሞች ውስጥ ይሠራል።

ልብ በሉ፣ እዚያ ማንም ማንንም አይመታም። የሚመታው የተሰቀለ ከረጢት ነው፣ ወይም አሠልጣኙ መዳፉ ላይ ያጠለቀው ወፍራም ትራስ። ይህን ደጋግሜ የምለው ቦክስና ፓርኪንሰን አብረው ሲነሱ ሁላችንም ልባችን መሐመድ አሊ ላይ ስለሚሄድ ነው። አሊ ሕመሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ከቀለበቱ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ። በ1996 አትላንታ ላይ የኦሎምፒኩን ችቦ ሲለኩስ እጁ እየተንቀጠቀጠ ዓለም ሁሉ አየው። ያ ኃይሌ በ10 ሺህ፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን ወርቅ ያመጡበት ኦሎምፒክ ነው። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ወሬውን የሰማሁት ከታላላቆቼ ነው። ጭንቅላት ደጋግሞ መመታት አንጎልን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ የአሊ ሕመም ከዚያ የመጣ ነው አይደለም የሚለው ግን ሐኪሞችን ሲያከራክር ኖሯል። ስለዚህ "ቦክስ ነው ያሳመመው፣ ደግሞ በቦክስ ልታክሙት ነው?" የሚል ሰው ሞኝ ጥያቄ አልጠየቀም። መልሱ ግን ቀላል ነው። ጉዳቱ ያለው መመታት ውስጥ ነው፣ ጥቅሙ ያለው መምታት ውስጥ።

ለምን ይጠቅማል? ፓርኪንሰን እንቅስቃሴን ያሳንሳል ብያችኋለሁ። ቦክስ የሚጠይቀው ተቃራኒውን ነው። እጅ እስከ መጨረሻው መዘርጋት አለበት። ወገብ መዞር አለበት፤ የፓርኪንሰን ሰው አልጋ ላይ መገላበጥ እንኳ የሚቸግረው ወገቡ ስለሚደርቅ ነው። እግር ከፈት ብሎ ክብደት ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ አለበት፤ ሚዛን የሚባለው እሱ ነው። አሠልጣኙ "ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ" ብሎ ሲጠራ ጆሮ ሰምቶ፣ አንጎል አስቦ፣ እጅ መከተል አለበት፣ ያውም በፍጥነት። በዚያ ላይ ይጮሃሉ። እየመቱ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። የጠፋ ድምፅ በሹክሹክታ አይመለስማ!

ሌላም ነገር አለ፣ ለእኔ እንደ መምህር በጣም የሚጥመኝ እሱ ነው። ፓርኪንሰን ይበልጥ የሚያበላሸው ሳናስብ የምናደርገውን፣ በራሱ የሚሄደውን እንቅስቃሴ ነው። ከውጭ ምልክት ሲመጣ፣ ድምፅ ይሁን ምት ይሁን መሬት ላይ ያለ መስመር፣ አንጎል በሌላ መንገድ ይሄዳል። የኔዘርላንድ ሐኪሞች በ2010 ያወጡት አንድ ታዋቂ ቪዲዮ አለ። ጥቂት እርምጃ እንኳ በቅጡ መሄድ ያቃተው የ58 ዓመት ሰው ብስክሌት ላይ ሲወጣ እንደ ጤነኛ ሰው ይነዳል። ይዞራል፣ ይመለሳል። ሲወርድ እግሩ ተመልሶ ይቆለፋል። በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። ስለዚህ በር ላይ ለቆመ ሰው "ይግቡ፣ ይግቡ" ማለት አይረዳም፣ ያስጨንቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚረዳው ከእግሩ ፊት መስመር ማስመርና "ይቺን ይሻገሩ" ማለት ነው። ጠመኔ ደግሞ ከመምህር ኪስ መቼ ይጠፋል?

ማጋነን ግን አልፈልግም። ቦክስ ፓርኪንሰንን አያድንም። እስካሁን የሚያድነው ነገር የለም፤ መድኃኒቱም ምልክቱን ያቀላል እንጂ በሽታውን አያቆመውም። በቦክስ ላይ የተሠሩት ጥናቶችም ትንንሽ ናቸው። በ2013 የወጣ አንዱ 31 ሰዎችን ይዞ ገሚሱን ቦክስ፣ ገሚሱን የተለመደ ስፖርት ያሠራ ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች ተሻሽለው ተገኙ። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ "እንግዲያው ቦክሱ ምንም አይደለም" ይላል። ለእኔ ግን ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ምሥጢሩ ጓንቱ ውስጥ ሳይሆን እንቅስቃሴው ውስጥ ነው ማለት ነዋ። በ2012 በ195 ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታይ ቺ የሚባለው የቻይናዎች ቀስተኛ እንቅስቃሴ ሚዛንን እንደሚያሻሽልና መውደቅን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በ2018 የወጣው ደግሞ መድኃኒት ገና ያልጀመሩ 128 ሰዎችን ለስድስት ወር ተከታትሏል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን መሮጫ ማሽን ላይ ልባቸው ከከፍተኛ ምቱ 80 እስከ 85 በመቶ እስኪደርስ የሠሩት ሰዎች ምልክታቸው ባለበት ሊቆይ ምንም ያህል አልቀረውም። እንደ ወትሯቸው የኖሩት ግን ባሰባቸው።

ቁም ነገሩ እንግዲህ ላብ ነው። ጋቢ ለብሶ ግቢ መዞር ከመቀመጥ ይሻላል፣ ግን አይበቃም።

"ታዲያ ዝም ብለው አይሮጡም? ለምን ቦክስ?" ትሉኝ ይሆናል። መሮጫ ማሽን የለንም። ሚዛኑ የከዳውን ሰው በእኛ መንገድ፣ በክረምት ጭቃ፣ ሩጥ ማለትም ማስወደቅ ነው። ጆንያ ግን አለን፣ ጆንያ ደግሞ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ሌላ የእኛን ሽማግሌ "ኑ ስፖርት እንሥራ" ብትሉት የሕፃን ጨዋታ ይመስለዋል፣ ይታዘባችኋል። "የሚመታ ነገር አለ" ስትሉት ግን ቀና ይላል። ይህን በጥናት አላየሁትም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።

"ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው" የሚልም አይጠፋም። ከሆሳዕና በወራቤ በኩል አዲስ አበባ ስንሄድ ቡታጅራን እናልፋለን አይደል? እዚያው ዙሪያ፣ መስቃንና ማረቆ ውስጥ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ዞረው በ60,820 ሰው ላይ የነርቭ በሽታዎችን አጥንተዋል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የሚጥል በሽታ ከሁሉ በዝቶ ተገኘ። ፓርኪንሰን ደግሞ ከ100 ሺህ ሰው 7 ሆነ። ከአውሮፓ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ሕመሙ በአብዛኛው ከ60 ዓመት በኋላ የሚመጣ ነው፣ ሕዝባችን ደግሞ ያኔም አሁንም ወጣት ነው። ግን እሱ የድሮ ቁጥር ነው፤ ዛሬ እስከ እርጅና የሚደርሰው ሰው በዝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ከፓርኪንሰን ጋር እንደሚኖር ገምቷል።

እስቲ በዚያ በድሮው ቁጥር እንኳ እንሂድ። መቶ ሺህ ሰው ባለበት ወረዳ ሰባት ሰው ማለት ነው። ሰባት ሰው ለበጀት አይበቃም፣ ለስብሰባ አጀንዳም አይበቃም። ለአንድ የቦክስ ክፍል ግን ልክ ነው! ክፍል ሙሉ ተማሪ ተጨናንቆ ለሚያስተምር እንደ እኔ ላለ ሰው ሰባት ሲባል ቅንጦት ነው የሚመስለው።

በአገራችንም ይህን ሕመም ከጓዳ ያወጡ ሰው አሉ። ወይዘሮ ክብራ ከበደ ራሳቸው ከፓርኪንሰን ጋር እየኖሩ አዲስ አበባ ላይ የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ድርጅት መሥርተው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሕሙማንን ሲያሰባስቡና ሕዝብ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ይከበር። ግን አዲስ አበባ አዲስ አበባ ነው፣ ፎንቆም ፎንቆ ነው። የነርቭ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም እዚያው ናቸው። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ኢንዲያናፖሊሶች ከረጢት በሰቀሉበት ዓመት። ሐኪሙ እስኪደርሰን መቀመጥ አያስፈልገንም ለማለት ነው።

መድኃኒቱን ግን አታስተዉ! ስፖርቱ የመድኃኒት ምትክ አይደለም። ዋናው ካርቢዶፓ-ሌቮዶፓ የሚባለው ነው፣ ሲኔሜት ብላችሁ የምታውቁት። እሱን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከአይብ ጋር መውሰድ ኃይሉን ይቀንሰዋል፤ ፕሮቲኑ አንጀት ላይ ይሻማዋል። ስለዚህ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መዋጥ ይመከራል። ደግሞ ለማስመለስ የሚሰጠው ፕላዚል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ የፓርኪንሰንን ምልክት ያብሳል። ክሊኒክ ስትሄዱ ሕመሙን ሳትጠየቁ ተናገሩ። ጸሎትም አትተዉ፤ እኔም እጸልያለሁ። የሚጸልይ ሰው እጁን መዘርጋት አይከለከልም።

እኛ እዚህ ምን አደረግን? ከስፖርት መምህራችን ጋር ሆነን አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ወስደን ልባሽ ጨርቅና የስንዴ ጭድ ጠቀጠቅንበት። አንዳንዱ "አሸዋ ነው የሚሞላው" ብሎን ነበር፤ አሸዋ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና የትልቅ ሰው እጅ ይሰብራል። በቃጫ ገመድ ግቢያቸው ካለው ዛፍ ላይ ሰቀልነው። (ቃጫም የእንሰት ልጅ ነው፤ እኛ ጋ እንሰት ያልገባበት ነገር ካለ ንገሩኝ።) ጓንት የለም። እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለን ወፍራም ካልሲ አጠለቅንላቸው። ወገባቸው ላይ ሰፊ መቀነት እናስርና አንድ ጎረምሳ ከኋላ ይይዛል፤ ቢወድቁ መሬት ሳይሆን እሱ ነው የሚቀበላቸው። የምንሠራው መድኃኒቱ ሰውነታቸውን ሲፈታው ነው፣ ከዋጡ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተን። ከመጀመራችን በፊት ሐኪም ልባቸውንና ግፊታቸውን አይቷል። ይህቺን አትዝለሏት። የልብ ሕመም ያለበት፣ አጥንቱ የሳሳ ወይም ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ሰው ተቀምጦም መምታት ይችላል፣ ግን ሐኪሙ ይወቅ።

የምንሠራው ቀላል ነው። መጀመሪያ ማፍታታት፣ ከዚያ አየር መምታት፣ ከዚያ ጆንያውን፣ ከዚያ በጠመኔ የተሰመሩ መስመሮችን በትልቅ እርምጃ መሻገር፣ በመጨረሻ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ መነሳት። መነሳቱ ከቦክሱ ይከብዳል። ሁለት ደቂቃ መትተው አንድ ደቂቃ ያርፋሉ። ላብ ካልመጣ አልሠራንም። ሲመቱ የሚቆጥሩት በሀዲይኛ ነው፤ ማቶ! ላሞ! ሳሶ! ሶሮ! ኦንቶ! የመጀመሪያ ቀን "ማቶ" ሲሉ ጆንያው ራሱ አልሰማም። አሁን የሰፈር ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው አብረው ይቆጥራሉ።

ባለቤታቸው መጀመሪያ ተቆጥተውን ነበር። "ሰውየውን ልትገድሉብኝ ነው?" አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ከየአቅጣጫው የሰሙት "ይረፉ" የሚለውን ነው። ልጃቸው ቪዲዮው ሲላክለት ከጆሃንስበርግ ደውሎ "አባዬ፣ ማንን ነው እንዲህ የምትመታው?" አላቸው። "ሌባውን" አሉት።

ሦስት ወር ሆነን። ተአምር የለም። እጃቸው አሁንም ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ጠዋት አሁንም ይከብዳቸዋል፣ ቀን የሚመርጥባቸውም ጊዜ አለ። ግን ከወንበር ያለ ሰው እጅ ይነሳሉ። በረንዳ ላይ ሆነው ሲጣሩ በር ድረስ ይሰማል። ባለፈው ወር ለቅሶ ሄዱ። በሩ ላይ እግራቸው ቆመ፣ አብሯቸው የነበረው ልጅ እግሩን እንደ መስመር ከፊታቸው አጋደመላቸው፣ ተሻግረው ገቡ። ገብተው ከሰው መሀል ተቀመጡ። ያን ቀን ወንበር ሲለቀቅላቸው ምንም አላልኩም!

ሰው ይስቃል ላላችሁኝ፣ አዎ ይስቃል። ሽማግሌ ጆንያ ሲደበድብ ማን አይስቅም? ሳቁ ሁለት ሳምንት ነው፣ ከዚያ ይለመዳል። "ወረዳው ስንት ችግር እያለበት፣ ወባ እያለ፣ ቲቢ እያለ" ላላችሁኝ ደግሞ፣ እኛ በጀት አልጠየቅንም። ፕሮጀክት አልጻፍንም፣ አውደ ጥናት አልጠራንም፣ አበል የለበትም። (ምናልባት ያልተስፋፋው አበል ስለሌለው ይሆን እንዴ?) ትምህርት ቤት ሜዳ ከአሥር ሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ሆሳዕና ቴኳንዶ የሚያሠለጥኑ ልጆች አሉ፣ የሚመታ ትራስ አላቸው፣ መቁጠርም ይችላሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ጓዳ ያለችውን ሴት የሚያያት ሌላ ማን ነው? "እጅሽ ለምን ይንቀጠቀጣል? ሽታ ይሸትሻል? ስትሄጂ እግርሽ ይያዛል?" ብሎ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የምትማሩ፣ ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ስማችሁን አልጠራም እንጂ ሦስታችሁን አውቃችኋለሁ። በወር አንድ ቅዳሜ ወጣ ብላችሁ ግፊት ለክታችሁ፣ መድኃኒታቸውን አይታችሁ፣ ስህተት ካለብን ብታርሙን ትልቅ ነገር ነው። የጻፍኩት ውስጥም የሳትኩት ካለ አስተያየት መስጫው ላይ አስተካክሉኝ፤ ከተማሪ መታረም ደስ ይለኛል።

አሁን ሰዎቻችን ሦስት ሆነዋል። አንዷ እናት ናቸው፤ ጓንት አልፈልግም ብለው በነጠላቸው እጃቸውን ጠቅልለው ነው የሚመቱት፣ ከሁሉም በላይ የሚጮሁትም እሳቸው ናቸው። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነን። ልታመጡ የምትፈልጉት ሰው ካለ መጀመሪያ ጻፉልኝ፣ ቤት መጥተን እናነጋግራለን። ጆንያና ጭድ ሞልቶናል። የጎደለን ጓንት ነው። አዲስ አበባ፣ ሆሳዕና፣ ዱራሜ ያላችሁ ያረጀ የቦክስ ጓንት ካያችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ የተቀደደ ከሆነ ሰፍተን እንጠቀምበታለን።